የባባ አኮልጎ ገጽ የጠፋበት ክረምት

ኤሜልዳ ዚየም ከአክራ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው ቦልጋታንጋ ከተማ ውስጥ ድረ ገጽ በማዛወር ስሟ የተጠራ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የገለባ ቅርጫት ወደ ውጭ የሚልኩ ሴቶች፣ ገጻቸውን የሚያስተናግደው ኩባንያ ሲያስመርራቸው የሚመጡት ወደ እሷ ነበር። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር አንሥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ። እሷ ግን ለደንበኞቿ ሁልጊዜ የምትላቸው ነገር አላት። "ማዛወሩን ማንም ያዛውራል። ዋናው ሰው ሲፈልጋችሁ እንዳያጣችሁ ነው።" ሰው በስልኩ አንድ ነገር ጽፎ ሲፈልግ፣ መፈለጊያው ከላይ የሚያወጣለት ለዓመታት የሚያውቀውንና የሚያምነውን ገጽ ነው። በዝውውሩ መሐል አንዲት ነገር ከተዘነጋች ገጹ ከላይ ይወርዳል፣ ማንም ወርዶ የማያየው ሥፍራ ይቀመጣል፣ ሲብስም ጨርሶ ይጠፋል።

ባባ አኮልጎን ያወቀቻቸው በዚሁ ሥራ ነው። ባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ማሽላ ሲያርም እባብ ነድፎት፣ ማርከሻው መርፌ ያለበትን ክሊኒክ በር አልፈው መርፌው ወደሌለበት ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ። ባባ ጡረታ ሲወጡ ሌላ ሥራ አላማራቸውም። በየማለዳው የማሽላ አጥሚታቸውን እየጠጡ ለአካባቢው ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ይደውላሉ፤ ማርከሻው ዛሬ የት እንዳለ፣ የት እንዳለቀ ጠይቀው ከስልክ ቁጥራቸው ጋር በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ከሥሩ ደግሞ፣ የተነደፈ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በገዛ ድምፃቸው በፍራፍራ ቋንቋ ቀድተው አስቀምጠዋል። "ገመድ አትሰሩበት! በምላጭ አትብጡት! እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተሸክማችሁ አምጡት!" እያሉ ይጮኻሉ በቀረጻው ላይ፤ ጆሮው የማይሰማ ሰው የሚያናግሩ ይመስላሉ።

ክረምት ሲገባ፣ ገበሬው ወደ ማሳ ሲወጣ፣ በዚያ አካባቢ "እባብ ነደፈ" ብሎ በስልኩ የጻፈ ሁሉ ከላይ የሚያገኘው ባባን ነበር።

ኤሜልዳ በነገዷ ዳጋባ ናት፣ ባባ ፍራፍራ። ፍራፍራና ዳጋባ የውሻ ጭንቅላት ሲካፈሉ የተጣሉ ወንድማማቾች ልጆች ነን ስለሚሉ፣ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ በቀልድ ሳይሰዳደቡ ውለው አያውቁም። ልቅሶ ቤት እንኳ አይቀርም።

"ማነው ውሻ ውሻ የሚሸተኝ?" ይላሉ ባባ፣ ገና ሞተር ብስክሌቷን ስታቆም።

"ትናንት የበሉት ጢምዎ ላይ ቀርቶ ይሆናል ባባ። ይታጠቡት እንጂ።"

"አንቺ ሌባ ዳጋባ! አያቶችሽ ይዘውት የሮጡትን ጭንቅላት መልሺ!"

"መልሰንላችሁ ነበር። እናንተ ጅራቱንም ጨምሩ ብላችሁ ነው ነገር የፈለጋችሁት።"

የባባ ሚስት ከማጀት ሆነው ይስቃሉ፤ ኤሜልዳ ሳትበላ አትወጣም።

የባባን ገጽ የሚያስተናግደው ኩባንያ ደካማ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ገጹ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። በክረምቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ባባ እየተቆጡ ደወሉላት። "ገጼ ዛሬም ሞተ! ሰው ቢነደፍስ?"

"እኔ አዛውርልዎታለሁ ባባ። የማይጠፋ ቦታ።"

"ስዛወር ሰው ያጣኛል ይሉኛል። ከላይ እንዳለሁ እቆያለሁ?"

"እንዳሉ ይቆያሉ።"

"ትምይልኛለሽ?"

"የውሻ ጭንቅላት ይንሳኝ!" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

እንደ ቃሏ ሥራውን ጀመረች። አሮጌው ሳይዘጋ አዲሱን አዘጋጀች። እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ከአዲሱ ጋር አጋጠመች፤ የድሮውን የነካ ሰው ሳይታወቀው ወደ አዲሱ እንዲሻገር ማዞሪያ አበጀች። ሥራው እስኪያልቅ ደግሞ፣ መፈለጊያው አንድ ዓይነት ሁለት ገጽ አይቶ እንዳይደናገር፣ አዲሱ ላይ እገዳ አደረገች። እገዳው ኮምፒውተሩ ላይ በሚታይ አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚደረግ ምልክት ነው። ምልክቱ ካለ መፈለጊያው ገጹን ለማንም አያሳይም። ሥራው ሲያልቅ ምልክቱ ይነሣል፤ ይኸው ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ገጹን ወደ አዲሱ ቦታ አሻግራ፣ የባባን ድምፅ በስልኳ ከፍታ እያዳመጠች ሳለ፣ የሥራ ባልደረባዋ ፉሴኒ በሩን በርግዶ ገባ።

"የሆቴሉ ሰዎች መጡ! ከአክራ ድረስ! ነይ እንጂ፣ ምን ትቀመጫለሽ?"

ትልቅ ሥራ ነበር፤ ሁለቱ ዓመት ሙሉ የደከሙለት። ኤሜልዳ ተነሣች። እየወጣች ለባባ ደወለች። "ገብተዋል ባባ። ሁሉም ደህና ነው።"

የቀረውን ሰኞ እመለከተዋለሁ አለች በልቧ። ሰኞ የሆቴሉ ሥራ ተጀመረ፣ ማክሰኞም ያው፣ ከዚያም በኋላ ያው። ምልክቱ ከሳጥኑ ሳይነሣ ቀረ።

የባባ ስልክ ቀስ በቀስ ዝም አለ። በሌላ ክረምት በማሳ ወራት ምሳቸውን በሰላም አይበሉም ነበር፤ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ።

"ኤዲያ፣ ዘንድሮ እባቦቹ ቆርበው ነው?" አሏት አንድ ቀን። "ማንም አይደውልልኝም። ያ ገጽ ደህና ነው ትያለሽ?"

ያን ጊዜ ስልኳን አውጥታ "እባብ ነደፈ" ብላ ብትጽፍ ሁሉንም ታይ ነበር። አፍታ የማይወስድ ነገር። ጥርጣሬ ሽው ብሎባትም ነበር። ነገር ግን የሆቴሉ ሰው እየጠበቃት ነበር፣ ሞተሯም እንደተነሣ ነው።

"መፈለጊያው አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል ባባ። ይታገሡ።"

"እሺ እንግዲህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ ባባ።

ዝናቡ ጠንክሮ ማሽላው ከወገብ በላይ በደረሰ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ኤሜልዳ የዥግራ እንቁላል ይዛላቸው ሄደች። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሲሰዳደቡ አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ ገባች። ወጣት ናት፤ ሻሿ ያደፈ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። ላሚሲ እባላለሁ አለች። ለባባ በርከክ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ቀና ብላ አየቻቸው።

"ባባ፣ ያ ድምፅ እርስዎ ነዎት?"

"የትኛው ድምፅ ልጄ?"

"ገመድ አትሰሩበት የሚለው።"

ባባ ደስ አላቸው። "እኔ ነኝ! ሰምተሽዋል?"

"ካቻምና የጎረቤቴን ልጅ እባብ ሲነድፈው ከስልኬ ከፍቼ አሰማኋቸው። ልጁ ዳነ። ዘንድሮ ባሌን ነደፈው። አዱኮን። ያንኑ ቃል ጻፍኩ። እርስዎ የሉም።"

"የለሁም?"

"ወርጄ ወርጄ ፈለግሁ። የሉም። ከላይ የወጣው ሌላ ነው። ከጉልበት በታች አጥብቃችሁ እሰሩ ይላል። የእርስዎ ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን ከላይ የወጣው አዲሱ ትእዛዝ መሰለኝ። አሰርን። እኔ ነኝ በእግሬ ረግጬ ያጠበቅሁት። ሂዱ ያለው ሆስፒታል ወሰድነው፤ መርፌው ካለቀ ቆየ አሉን። ወደ ሌላ ሄድን። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ዞርን። ሐኪሙ ገመዱን ሲፈታ የሐኪሙን ፊት አየሁት። ማሰራችን ጥፋት እንደነበር አወቅሁ።"



"እግሩን ቆረጡት" አለች ላሚሲ። "ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁት ባባ። ደክሞዎት ዘግተውት ከሆነ ለሰው ይንገሩ ልልዎት ነው። ሰው እርስዎን እየፈለገ ነው።"

ባባ ስልካቸውን አወጡ። ራሳቸው ጽፈው ፈለጉ። ጣታቸውን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ታች ሲገፉ ኤሜልዳ አየች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። ሳጥኑ። ምልክቱ።

"እኔ ነኝ" አሉ ባባ።

"እንዴት ባባ?" አለች ላሚሲ።

"አዲሱ ቦታ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ቀይ ጽሑፍ ወጣብኝ። ምን እንደነካሁ እንጃ። ዘጋሁትና ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬ። በዚህ ደንቆሮ ጣቴ ነው ያጠፋሁት።" ጣታቸውን አዩት። ከዚያ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "በዚህ ጣቴ።"

ያ ቀይ ጽሑፍ ከምንም የማይቆጠር ነገር ነበር፤ የይለፍ ቃል ሲሳሳቱ የሚወጣ። ኤሜልዳ ታውቃለች። አፏን ከፈተች። ላሚሲ ባባን ልታባብል እጃቸውን ያዘች፣ ሚስታቸው ከማጀት እየሮጡ ወጡ፤ በዚያ ግርግር ኤሜልዳ አፏን መልሳ ዘጋች። እንቁላሉን ያኖረችበትን ቅል ከመሬት አንሥታ፣ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት፣ ይዛው ቆመች።

ቢሮዋ ሄዳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ምልክቱ እዚያው ነበረ። ነካችው፤ ጠፋ። ይኸው ነው። እጇን አንሥታ አየችው፤ ባባም የገዛ ጣታቸውን እንደዚሁ ሲያዩ ትዝ አላት፤ ወደ ጓሮ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ፉሴኒ ውሃ ይዞላት መጣ። ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"አስተካከልሽው አይደል?"

"አስተካከልኩት። ግን መፈለጊያው አንዴ ረስቶታል ፉሴኒ። ወደ ላይ እስኪመለስ ክረምቱ ያልፋል።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

"ምን?"

"ዝም በይ እልሻለሁ። ብትናገሪ የሰውዬው እግር ይበቅላል? ዚየም ገጽ አጥፍታ የሰው እግር አስቆረጠች ይሉሻል። ሆቴሉ ነገ ይሄዳል። ሌላውም ይከተላል። እኔስ? ልጆቼስ?"

"ባባ በራሳቸው እየፈረዱ ነው።"

"ሽማግሌ ናቸው፤ ይረሱታል።"

አልረሱትም። ኤሜልዳ እየሄደች ታያቸዋለች፤ መሄድ ደግሞ ከመቅረት ይከብዳታል። በር ላይ ስትደርስ ማንም አይሰድባትም። "ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ" ይሏታል ባባ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። እሷም መሳደብ አቃታት። ጠዋት ጠዋት ለሆስፒታሎቹ መደወሉን ትተውት ነበር። አጥሚታው ፊታቸው ቀዝቅዞ ይውላል። እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ሚስታቸው በጆሮዋ ነገሯት። ቤቷ ስትገባ የምታስበው ያንን ሲነግሯት የነበረውን የሚስታቸውን ፊት ነው፤ እሷን እንደ ልጅ አምነው፣ "አንቺ አጫውቺያቸው፣ ካንቺ ጋር ይስቃሉ" ያሏትን። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ባባ ዛሬ ደህና ናቸው፣ አላበላሽባቸውም ትላለች። ዛሬ ደህና አይደሉም፣ አልጨምርባቸውም የምትልበትም ቀን ነበር። ሰበብ አላጣችም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ባባ ራሳቸው ቢሮዋ መጡ። የክት ፉጉዋቸውን፣ ያንን ባለ መስመር ሸማ ካባ፣ ለብሰዋል። ወንበር ስትሰጣቸው አልተቀመጡም።

"ገጹን አንቺ ያዢው። እኔ ከእንግዲህ አልነካውም። ሌላ ሰው አላስቆርጥም።"

"ባባ…"

"ቆዪ ልጨርስ። እሑድ እነ አዱኮ ቤት ልሄድ ነው። ዶሮ ገዝቻለሁ። ልጁ እግር ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ እላለሁ። በሞተርሽ ታደርሺኛለሽ ወይ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

ፉሴኒ ከጥግ ሆኖ ቀና ብሎ አያት። ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። ኤሜልዳ አየችው፤ አይታም ወደ ባባ ዞረች።

"እርስዎ አይደሉም ባባ። እኔ ነኝ።"

"ማለት?"

"ስናዛውር ሰው እንዳያየው ምልክት አድርጌ ነበር። ሲያልቅ ማንሣት ነበረብኝ። ረሳሁት። ያ ቀይ ጽሑፍ ምንም አይደለም፤ የይለፍ ቃል ሲሳሳቱ የሚወጣ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

ባባ አሁን ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

"ስልኬ ዝም ሲል ጠይቄሽ ነበር።"

"አዎ።"

"ደህና ነው አልሽኝ።"

"ሳላይ ነው ያልኩት።"

"ያቺ ሴት የመጣች ቀንስ? እኔ ሳለቅስ? ታውቂ ነበር?"

ኤሜልዳ ይህን ጥያቄ ስትፈራ ሰንብታለች። "አውቅ ነበር" አለች። "እዚያው ቁጭ ብዬ አውቄያለሁ።"

ባባ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ሚስቴ አብዷል ብላ ለልጆቼ ደውላለች። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ጣቴን አያለሁ። መርሳቱን ሰው ይረሳል፤ እኔም ስንቱን ረስቻለሁ። ይኼኛውን ግን እንዴት ቻልሽው ኤሜልዳ?"

በስሟ ጠርተዋት አያውቁም ነበር። ዳጋባ፣ ሌባ፣ ውሻ በላ እንጂ። ባባ ተነሥተው ሲወጡ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ አልያዙትም። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

"እሑድ ትመጫለሽ። ዶሮውን አንቺ ትይዢዋለሽ።"

የአዱኮ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የማሽላ ማሳ መሐል ነው። አዱኮ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የጎማ ቀዳዳ ይፈልጋል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ላሚሲ ከጎኑ ልብስ ታጥባለች። ባባ ሰላምታውን እንደ ደንቡ አርዝመው፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የዘመዱን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ፣ "ይህች ልጅ የምትነግራችሁ አላት" አሉና ዶሮውን ወደያዘችው ኤሜልዳ ዞሩ።

ኤሜልዳ ነገረቻቸው። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር ነገረቻቸው።

"አንዲት ምልክት" አለ አዱኮ።

"አዎ።"

"ሰው ስልኩን ቻርጅ ሳያደርግ እንደሚረሳው?"

"እንደዚያ።"

ላሚሲ እጇን ከአረፋው አወጣች። "እዚያ ነበርሽ" አለች። "እኚህ ሽማግሌ ሲያለቅሱ ቅል ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ደንግጣ ነው፣ ደግ ሴት ናት ብዬ አዝኜልሽ ነበር።" ወደ ቤት ገብታ መጋረጃውን ሳበች።

አዱኮ ወደ ባባ ዞረ። "ባባ፣ እርስዎ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ገጹ ቦታው ቢኖር እግሬ ይኖር ነበር? እባቡ ነው የወሰደው ወይስ ገመዱ?"

ኤሜልዳ መሬት መሬት አየች። እንዲዋሹላት ለመነች በልቧ።

"እባቡ ብቻውንም እግር ያሳጣል አንዳንዴ" አሉ ባባ። "ልምልልህ አልችልም። ግን ያን ቀን መርፌው ከዚህ ብዙ በማይርቀው ክሊኒክ ነበረ። ገመዱን ባታስሩ፣ እዚያ ብትሄዱ… የሚተርፍ ይመስለኛል ልጄ።"

አዱኮ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን ለረጅም ጊዜ አየ። የተቆጣም ያልተቆጣም አይመስልም ነበር።

"አሁን ከላይ ተመልሷል?"

"ገና ነው" አለች ኤሜልዳ። "ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በኔ እጅ አይደለም።"

"ያኛውስ? እሰሩ የሚለው?"

"እሱ ነው አሁንም ከላይ ያለው።"

አዱኮ ጎማውን ጣለው። "ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ? ዝናቡ መች አባራ? ሰው ማሳ ውስጥ ነው ያለው! ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ሂጂና ለሰው ንገሪ! ተነሺ!"

በማግሥቱ ኤሜልዳና ባባ የከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያ ሄዱ። ጋዜጠኛው "ለአጭር ጊዜ በቴክኒክ ችግር ምክንያት" ብለን እናንብበው አላት፤ ለእሷ አስቦ ነው። አይሆንም አለችው። በራሷ ድምፅ፣ በተሰባበረ ፍራፍራኛዋ፣ ስሟን ጠርታ ተናገረች፦ የባባ አኮልጎ ገጽ የጠፋው በእሷ ጥፋት ነው፤ አንድ ሰው በዚህ ምክንያት እግሩን አጥቷል፤ በፍለጋ ከላይ የሚመጣውን እሰሩ የሚል ምክር ማንም እንዳይከተል፤ መርፌው የት እንዳለ ለማወቅ በዚህ ቁጥር ይደወል። ከዚያ ባባ ማይኩን ወስደው እንደ ድሮው ጮኹ። "ገመድ አትሰሩበት!" ጋዜጠኛው ማዳመጫውን ከጆሮው አነሣ።

ሆቴሉ ሥራውን ያነሣው በዚያው ሳምንት ነው። ቅርጫት ነጋዴዎቹም አብዛኞቹ ሄዱ፤ አንዷ ብቻ "ሌላው ቢረሳ መች ይነግረኛል" ብላ ቀረች። ፉሴኒ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወጣና ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይዞት ገባ። "ሌላ የት እሄዳለሁ?" አለ ተናዶ። ለብዙ ጊዜ ግን ከሥራ ውጪ አላነጋገራትም፤ እሷም አልፈረደችበትም።

ኤሜልዳና ባባ የማለዳውን ስልክ እየተፈራረቁ ይደውሉ ጀመር። ኤሜልዳ ማዞሪያዎቹን እንደገና አንድ በአንድ ፈተሸች። ገጹን ድሮ ይጠቅሱ የነበሩ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ጣቢያዎችን እየዞረች፣ አዲሱን አድራሻ በየገጻቸው እንዲያወጡ ለመነች። ያንን የተሳሳተ ምክር የጻፉትንም ሰዎች አግኝታ እንዲያነሱት ጻፈችላቸው፤ መልስ አልሰጧትም። የባባ ገጽ ግን በዝግታ ይወጣ ነበር፤ መጀመሪያ ከሥር ከሥር ታየ፣ ከዚያ መሐል ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ላሚሲን ገበያ ውስጥ ስታገኛት ላሚሲ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ኤሜልዳም መንገድ ትለቅላታለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የማለዳው ተራ የኤሜልዳ በነበረበት ቀን፣ ስልኩ ጮኸ። ከድንበሩ አቅጣጫ የምትደውል ሴት ነበረች፤ እያለቀሰች።

"አባቴን ነድፎታል! ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘኋችሁ። የት ልውሰደው?"

ኤሜልዳ የክሊኒኩን ስም ነገረቻት። ደግማ አስባለቻት። "ገመድ አስራችኋል?"

"አላሰርንም። አትሰሩ ይላል እኮ።"

ለክሊኒኩ ደውላ እንዲዘጋጁ ነገረች። ከዚያ ከባባ ጋር ኒሙ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሁለቱም ምግብ አልቀመሱም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ነርሷ መልሳ ደወለች። ሰውዬው መርፌውን ወስዷል፤ እግሩ አብጧል እንጂ ይድናል።

ባባ ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ ሳቁ፣ ሚስታቸውን ፒቶ አምጪ ብለው ተጣሩ። ጎረቤት ሳይቀር ተሰበሰበ። ኤሜልዳ የማሽላ ጠላውን በቅል ተቀበለች፣ ጠጣች፣ ከሰው ጋር ሳቀች። ባባ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ከከተማው ውጪ ባለው መንገድ፣ የማሽላው ማሳ ከሰው ቁመት በላይ በሆነበት ቦታ፣ ሞተሯን አቆመች። በሐሳቧ የታያት አዱኮ ነበር፤ በሁለት እግሩ ከማሳው ሲወጣ፣ ሠርቶ የጨረሰውን ብስክሌት ራሱ ነድቶ ሲሞክር። ምስሉ ጠፍቶ መንገዱ መልሶ እስኪታያት ድረስ እዚያው ቆመች፤ ከዚያ ሞተሯን አስነሥታ ሄደች።